የእትዬ ሙቢና ግቢ ኮከብ ቆጣሪ

ይህ አስቀድሞ ይነገርና ነገሩ ይለይለት፦ ይርሳው ኮከብ ቆጣሪ አይደለም። ቆጥሮ አያውቅም፤ ቁጠርልኝ የሚለውንም አይወድም። አሰላ ውስጥ ግን ይህን የሚያምን ሰው ተፈልጎ ቢገኝ ራሱ ይርሳው ብቻ ነበር። እሱም አንዳንድ ቀን ይጠራጠር ነበር። ሰፈር አንዴ «አዋቂ ነህ» ካለ ምን ይደረጋል? ምላስ ተቆርጦ አይጣል!

ሰውየው የቢቸና ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተመድቦ መጣ። ቀን ቀን ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ከለበሰ ፋይል ጋር ይታገላል። ወደ ማታ እትዬ ሙቢና ግቢ ወደ ተከራያት አንዲት ክፍል ይመለሳል፣ እራቱን ይቀማምሳል፣ ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ዱካውን ግቢው መሐል ያኖርና ሰማይ ላይ ያፈጣል። ከሌላው ሰው የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። በተረፈ እንደ ማንም ደሞዝ ይጠብቃል፣ እንደ ማንም የጭላሎ ተራራን ብርድ ይራገማል።

ጥፋቱ ግን ጎጃሜ ሆኖ ማፍጠጡ ነው። ጎጃሜ ሆኖ ዳዊት የማይደግም፣ ሥር የማይምስ፣ መስተፋቅር የማያውቅ አለ ቢባል ማን ያምናል? ይርሳው ከቄስ ትምህርት ቤት ገና «ሀ ሁ» ላይ ተጣልቶ የወጣ ሰው ነው። ይህን ግን ማንም አልጠየቀውም።

የሚያፈጥባትም ኮከብ ብትሆን ደህና ደማቅ ብትሆን ምን ነበረበት! እሷ ግን ከጭላሎ ራስ በላይ ከሁለት ደማቅ ኮከቦች መሐል የተሸጎጠች፣ ደብዘዝ ያለች፣ ብርቱካን ብርቱካን የምትል አንዲት ፍንጣሪ ናት። ቀጥ ብለው ሲያዩዋት ትጠፋለች፤ ጎኗን ሲያዩ ትመለሳለች። ይርሳው መጀመሪያ ያያት አሰላ በገባ ሳምንት፣ መብራት ጠፍቶ፣ አገሩ ናፍቆት ወደ ግቢው በወጣበት ማታ ነው። በማግሥቱ ገበያ ወርዶ ከልባሽ ዕቃ ነጋዴ አንድ ዓይኑ የተጫረ አቅርቦ ማያ መነጽር ገዛ። ስልኩ ላይ ፈላልጎም ማንነቷን አገኘ። ያረጀች ኮከብ ናት አሉት፤ እየበረደች ስትሄድ ቀላች፣ ስትቀላም አበጠች፤ ፀሐያችን አጠገቧ ብትቀመጥ ዱባ አጠገብ እንዳለች ሽምብራ ናት። ከርቀቷ የተነሣ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። «አይ አንቺ!» አላት ይርሳው፤ «ይህን ሁሉ አካል ይዘሽ!» ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሳያያት ቢተኛ እንቅልፍ አይወስደውም። ደስ የምትለው ደግሞ ከሰው ምንም ስለማትፈልግ ነው። አለቃው ይፈልጋል፣ ባለ ጉዳይ ይፈልጋል፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ይፈልጋል። እሷ ምንም አትፈልግም።

አንድ ምሽት ታዲያ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ መብራት ጠፋ። ሌላው ሰው መብራት ሲጠፋ ይራገማል፤ ይርሳው «ተመስገን!» ብሎ ዱካውን ይዞ ይወጣል። የመንገዱ አምፖል ካልጠፋ ኮከቧ ደህና አትታይማ! ዓይኑ ጨለማውን ለምዶለት፣ ኮከቧ ብቅ ልትልለት ስትል፣ አከራዩ እትዬ ሙቢና ትልቁን የእጅ ባትሪያቸውን ፊቱ ላይ ለቀቁበት።

«ይርሳው! ጊደሬ ጠፋች! ቀይዋ! ያ ረቢ፣ ጅብ ሊበላብኝ ነው!»

እትዬ ሙቢና ደግ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ግን ያለ ማጉያ ሦስተኛው ግቢ ይደርሳል።

«እትዬ ሙቢና፣ ባትሪውን!» አለ ይርሳው ዓይኑን ሸፍኖ።

«አንተ ሁልጊዜ ሰማይ ታያለህ። ኮከብ ማስቆጠር ሐራም ነው፣ አውቃለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ለጊደሯ ብቻ። የት ናት? ንገረኝ።»

እውነት እንነጋገር ከተባለ ይርሳው በዚያች ሰዓት ስለ ጊደሯ አላሰበም። ያሰበው ስለ ባትሪው ነው። ባትሪው ከግቢው ይውጣለት እንጂ ወዴትም ቢሄድ ግድ አልነበረውም። «ወደ ባህር ዛፉ ይሂዱ» አለ፤ «ታች፣ ከቦዩ ማዶ። ራቅ ብለው ይፈልጉ። በጣም ራቅ ብለው።»

ሄዱ። ጊደሯ ከቦዩ ማዶ፣ ባህር ዛፉ ሥር ተጋድማ ስታመነዥክ ተገኘች።

በቃ፣ ይርሳው አለቀለት። እትዬ ሙቢና በነጋታው ወሬውን ወተት ለሚገዙ ሁሉ ከወተቱ ጋር ሰፈሩላቸው። ወሬው ከሰፈሩ ሲወጣ ጢም አበቀለ፤ ገበያ ሲደርስ ጢሙ ሸበተ፤ የከተማው ማዶ ሲገባ ይርሳው ጣና ገዳም ገብቶ ሰባት ዓመት ጥሬ የቆረጠመ ባሕታዊ ሆኖ አረፈው፤ ስሙም ቀርቶ «የእትዬ ሙቢና ግቢ ኮከብ ቆጣሪ» ብቻ ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አቶ ወንድምአገኝ፣ ቀልድ ካልቀለዱ ምሳ የማይወርድላቸው ሰው፣ ምድር ቤት ድረስ ወርደው «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አንተ አወረድካት አሉኝ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ ሰው መጉረፍ ጀመረ። የባጃጅ ነጂው ኢርሻድ «ባጃጄ ላይ ዓይን አርፎባታል፣ ዳገት ላይ ብቻ ነው የምታኮርፈው፤ ኮከቧን እይልኝ» አለ። ፈተና የወደቀ መጣ፣ ፈተና ያልተፈተነም መጣ። ሁሉም ለቆጠራው የራሱን ስም፣ የእናቱን ስም እየተናገረ በር ላይ ይቆማል። ይርሳው «አልቆጥርም! ሂዱልኝ!» ሲላቸው «ዛሬ ቀኑ አይደለም ማለቱ ነው» ብለው በማግሥቱ ቅቤ ጨምረው ይመለሳሉ። ቅቤውን አልቀበልም ሲል እትዬ ሙቢና «ሰው እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል? ነውር ነው» ብለው ይቀበሉለታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። ኦቦ ቱሳ የሚባሉ አዛውንት ከጮሌ ወረዳ ድረስ በአውቶቡስ መጡና ዓረብ አገር የሄደች ልጃቸው መቼ እንደምትመለስ ጠየቁት። ስልኳ ከተዘጋ ከርሟል። ይርሳው ፊታቸውን አይቶ ሆዱ አልችል አለ። «ለአረፋ ትመጣለች» አላቸው። እጁን ስመው ሄዱ። አረፋ መጣ፣ ልጅቷ አልመጣችም። ኦቦ ቱሳ እንደገና ያን ሁሉ መንገድ መጡ። ተቆጥተው ቢሆን ምን ነበረበት! አልተቆጡም። «ኮከቧን ደመና ሸፍኖብህ ይሆናል ልጄ፤ እስቲ ዛሬ ደህና አድርገህ እይልኝ» አሉት። ይርሳው ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ሲስተር እታገኘሁን ያገኛት እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነው። ያገናኛቸውም አንገቱ ነው፤ ሰማይ ሲያይ አንገቱ ደርቆ እንደ ጋሪ ፈረስ ፊት ለፊት ብቻ የሚያይ ሆኖ ነበር። ጤና ጣቢያ ሲገባ ነርሷ መርፌ እያዘጋጀች ለጓደኛዋ ትነግራለች፤ አክስቷ እትዬ በቀለች ሦስት የትዳር ጠያቂ በኮከብ ቆጣሪ አፍ መልሰውባታል።

«እኔ ውሃ ነኝ አሉ። የመጀመሪያው እሳት ነው፤ ውሃ እሳት ታጠፋለች፣ ይሞታል ተባለ። ሁለተኛው መሬት፤ ጭቃ ትሆናላችሁ። ሦስተኛው ነፋስ፤ ይበትንሻል። ታዲያ ከማን ጋር ልግባ? ከዓሣ ጋር?» አለች እታገኘሁ። መርፌውን ወደ ላይ አንሥታ «ኮከብ ቆጣሪ የሚባል ፍጥረት አንድ ቀን እጄ ቢገባ!» ብላ ወደ ይርሳው ዞረች። «አንተስ አንገትህን ምን ሆነህ ነው?»

«ፋይል» አለ ይርሳው። «ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ሳወርድ።»

እንዲህ በውሸት ተጀመረ። ከመርፌው ማኪያቶ መጣ፣ ከማኪያቶው ፍቅር መጣ፤ ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ስለ ኮከቧና ስለሚኖርበት ግቢ ግን አልነገራትም። ዛሬ እነግራታለሁ ይልና ያ መርፌ ትዝ ይለዋል። ሽማግሌ የሚላክበት እሁድ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ቀን ካፌ ተቀምጠው፣ እታገኘሁ ዓይኗን ሰበር አድርጋ «የእናትህ ስም ማነው? የክርስትና ስምህስ?» አለችው። ይርሳው በደስታ ሰከረ። ሴት የእናትን ስም ስትጠይቅ ምን ማለት ነው? ቤተሰቤን ወደደች ማለት ነው! እናቱ አይናለም እንደሚባሉ፣ የሚያወጡት አረቄ እንደሚያሰክር፣ ሲስቁ ጥርሳቸው እንደሚያምር አንድ ሳያስቀር አወራላት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ከእሁዱ በፊት ባለው ሐሙስ መብራት ጠፋ። ይርሳው ተመስገን ብሎ ወጥቶ ተቀምጧል። የግቢው በር ተንኳኳና እትዬ ሙቢና አንዲት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሴት አስከትለው ገቡ።

«ይኸው፣ እሱ ነው! ጊደሬን ያገኘልኝ። ዱጋዳ፣ እውነት ነው የምልዎት!»

«እናቴ፣ እኔ አልቆጥርም» አለ ይርሳው እንደ ልማዱ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ተው ልጄ፣ አታሳፍረኝ። የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ጉዴ ፈላ፤ ተደብቄ ነው የመጣሁት። ለአንዲት ልጅ ነው። የወንድሜ ልጅ ናት፣ አጥንቴን ከስክሼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሁድ ሽማግሌ ሊመጣባት ነው። ካልገጠመ በሬን አልከፍትም። ስሙን በስንት ልመና ነው ያመጣችልኝ። የሷ እታገኘሁ፣ ክርስትናዋ ወለተ ማርያም። የሱ ይርሳው፣ ክርስትናው ገብረ ሚካኤል። የእናቱ አይናለም።»

መነጽሩ ከይርሳው እጅ አምልጦ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። በጨለማው ውስጥ ማንም ፊቱን አላየውም እንጂ ያየው ሰው ውሃ ይረጨው ነበር።

«ይርሳው?!» አሉ እትዬ ሙቢና። ይርሳው በጋቢው ሥር እግራቸውን ረገጥ አደረገ። እትዬ ሙቢና ነገር የሚገባቸው ሴት ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው፤ ከሚገባው በላይም ገባቸው። «ውይ፣ እሱማ ወርቅ ልጅ ነው! ጫት የለ፣ መጠጥ የለ፣ ግቢ የሚጠርገው ራሱ ነው!»

«የት ያውቁታል?» አሉ እትዬ በቀለች።

«እኔ? አላውቀውም ወላሂ… እስቲ አስታግፊሩላህ፣ ወላሂ ለምን አልኩ! ስሙን ስሰማ የሚጠርግ መሰለኝ።»

እትዬ በቀለች ወደ ይርሳው ተጠጉ። «እንዴት ነው ልጄ? ይገጥማል?»

አንዲት ቃል ናት። «ይገጥማል» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እሁድ በሩ ይከፈታል፣ እልል ይባላል፣ እታገኘሁ የሱ ትሆናለች። ማንንስ ይጎዳል? ሌሎቹ ቆጣሪዎች ዋሽተው አፋረሷቸው፤ እሱ ዋሽቶ ቢያጋባ ጽድቅ አይሆንም? ይርሳው አፉን ከፈተ። «ይገ…» ካለ በኋላ የኦቦ ቱሳ ፊት መጣበት። እትዬ በቀለች የሚያዩት በዚያው ዓይን ነው። እኚህ ሴት ነገ ልጅቷ ስታረግዝ ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያ ልጅ ሲታመም ይመጣሉ፤ እሱ ዕድሜ ልኩን ሚስቱን እየዋሸ ሊኖር ነው። አፉን መልሶ ዘጋ።

«ነይማ… ይቅርታ፣ ይምጡ» አለ ግራ ሲገባው። «እዚህ ይቀመጡ። ከተራራው በላይ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ። ከመሐላቸው አንዲት አለች። ቀጥ ብለው አይዩዋት፤ ጎኗን ይዩ።»

«የታለች? … እ? አሁን አለች፤ አሁን ደግሞ የለችም! ምነው፣ እንደ ሙሽራ ታፍራለች እንዴ?»

መነጽሩን ሰጣቸው። እትዬ በቀለች ሲያነጣጥሩ ቆዩ። «ውይ! ብርቱካን ናት እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም፣ እናቴ።»

«ስለ ልጄ ነው የምልህ።»

«ስለ ልጅዎ አታውቅም። ስለ ማንም አታውቅም። እኔ የማያት ስለምታምር ብቻ ነው። ጊደሯንም እኔ አላገኘኋትም፤ ባትሪው ዓይኔን ስላጠፋው ነው ወደዚያ የላክኋቸው።» እትዬ ሙቢና «ያ ረቢ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ይርሳው ግን አንዴ ጀምሯል። «ይርሳው ማለትም እኔው ነኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ፣ በጣም ነው የምወዳት። ይግጠም አይግጠም ግን አላውቅም።»

በዚህች ቅጽበት መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። የግቢው አምፖል ቦግ ሲል እትዬ በቀለች መነጽር ይዘው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው አንድ ጋቢ የተከናነበ፣ ፊቱ ልጭት ያለ ጎልማሳ ቆሟል።

«ጢሙስ?» አሉ።

«አልነበረም።»

«ይገጥማል ብትለኝ እኮ አምኜ እሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

እትዬ በቀለች ተነሡ። መነጽሩን ዱካው ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ደህና ሁን ሳይሉ ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከእታገኘሁ አንዲት መልእክት ስልኩ ላይ ገባች፤ «ለምን አልነገርከኝም?» ትላለች። ቢደውል አታነሣም። ዓርብ ደወለ፣ ቅዳሜ ደወለ። እትዬ ሙቢና ገንፎ ሠርተው ቢያመጡለት ማንኪያውን አላነሣም። «አንተ ሞኝ! አንዲት ቃል ነበረች እኮ!» አሉት፤ ቀጥለውም ለሱ አለቀሱ።

እሁድ አቶ ወንድምአገኝ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሄዱ። ይርሳው «ይቅር፣ አትሂዱ፣ ታዋርደኛለች» ቢል «ሱፌን ካስተኮስኩ በኋላ?» አሉት። ደንቡ አማች ሊሆን የተመኘ ሰው እቤቱ እንዲቀመጥ ነው። ይርሳው ግን አልቻለም፤ በኢርሻድ ባጃጅ የእትዬ በቀለች ቤት መታጠፊያ ጋ ተደብቆ ቆመ። ኢርሻድ ሊያጽናናው ብሎ ስለ ባጃጁ ሕመም ነገረው። አንዱም ቃል ጆሮው አልገባም።

በመጨረሻ አቶ ወንድምአገኝ ብቅ አሉ። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ የሚቸኩሉበት ነገር የሌለ ይመስል ባጃጁ ጋ መጡና ገብተው ተደላድለው ተቀመጡ።

«ምን አሉ?» አለ ይርሳው።

«ወጡ ጥሩ ነበር።»

«ጋሼ ወንድምአገኝ! በእናትዎ!»

«እሺ፣ እሺ። ቁጭ አልን፣ ልማዱን ተናገርን፣ ልጃችሁን ለልጃችን አልን። ሴትዮዋ ‹እኔ ኮከብ አስቆጥሬ ነበር› አሉ። የኛ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ‹ቆጣሪው ምን አለ?› አልኳቸው።» አቶ ወንድምአገኝ ስንጥሩን ጣሉ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። «‹ሦስት ጊዜ አግብቻለሁ› አሉ። ‹ሦስቱንም አስቆጥሬ ነው። ሦስቱንም ይገጥማል ብለውኝ ነው። አንዱ መታኝ፣ አንዱ ንብረቴን ሸጠብኝ፣ አንዱ ትቶኝ ሄደ። በዕድሜዬ ሙሉ ሊዋሸኝ እየቻለ፣ ውሸቱም ለሱ እየጠቀመው፣ ፊቴን አይቶ አላውቅም ያለኝ ወንድ ይህ ልጅ ብቻ ነው። ልጄን ለሱ ካልሰጠሁ ለማን ልሰጥ?›»

ይርሳው ፊቱን በጋቢው ሸፈነና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ኢርሻድም ለምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ አለቀሰ።

«ቆይ፣ አታልቅስ፣ አልጨረስኩም» አሉ አቶ ወንድምአገኝ። «ልጅቷ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። ስንወጣ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹እኔ ፈቅጃለሁ። እሷ ግን ሐሙስ እንዳኮረፈች ናት። ቶሎ ይምጣና ራሱ ይለምናት፤ ይቅር ትለው እንደሆነ እኔም አላውቅም› ብለዋል።»

ይርሳው የቀረውን አልሰማም። ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ ወደ በሩ እየሮጠ ነበር።